ስለ ረቂቃን ሠራተኞች፤ ከዲላ የቡና ገንዳ እስከ መድኀኒት ፋብሪካ



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ጕዳይ ደመወዝ ስለማይቀበሉ፥ የዓመት ፈቃድ ስለማይጠይቁና ጡረታም ስለማይወጡ ሠራተኞች ነው። እነዚህ ሠራተኞች ባክቴሪያና እርሾ እየተባሉ የሚጠሩት ረቂቃን ተሕዋስያን ናቸው። ብዙው ሰው ስማቸውን የሚሰማው ሐኪም ዘንድ በቀረበበት ቀን ስለ ሆነ ሁሉንም በጠላትነት ይመለከታቸዋል። ክፉዎቹም በእርግጥ ጥቂቶች አይደሉም። ነገር ግን ትናንት የበላነውን እንጀራ ያቦካው፥ እርጎውን ያረጋው፥ ማሩን ጠጅ ያደረገው ማን ነው ተብለን ብንጠየቅ መልሱ እነዚያው ናቸው የሚል ነው። ይህ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሥራቸው ነው። በዘመናችን ግን ሊቃውንት ከዚህ አልፈው፥ ተሕዋስያኑ በተፈጥሮ የማያውቁትን ሙያ እያስተማሩ መድኀኒት፥ አሲድ፥ የምግብ ማጣፈጫና ፕላስቲክ የሚሆን ነገር ያሠሯቸዋል። ይህ እንዴት እንደሚሆን፥ ለአገራችን ገበሬም ምን ሊያመጣለት ወይም ሊያመጣበት እንደሚችል እንመለከታለን።

ነገሩን ከሩቅ አገር ከመጀመር ይልቅ ከቤታችን እንጀምር። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሞያሌ የሚወስደውን አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል የተከተለ መንገደኛ ዲላ ይደርሳል። ዲላ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከዚያ ወናጎን፥ ይርጋ ጨፌንና ኮቸሬን ይዞ ወደ ደቡብ ሲጓዝ በግራና በቀኙ የሚያየው አንድ ዐይነት አዝመራ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ያገር ዛፍ ጥላውን ዘርግቶ፥ ከሥሩ እንሰት ቆሞ፥ በእንሰቱም መካከል ቡና ገብቶ ይታያል። ይህ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ የእርሻ ጥበብ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በሚጠብቀው የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የሰፈረው ግን ለዓይን የሚታየው ነው። በእንሰቱ ጉድጓድና በቡናው ገንዳ ውስጥ ተደብቆ የሚሠራው ማኅበር በዚያ መዝገብ ላይ ስሙ አልተጻፈም።

ቡና በሚለቀምበት ወራት በዚያ አገር ያሉት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሌሊቱንም አያርፉም። ገበሬው በቀን የለቀመውን እሸት ቡና ወደ ማታ ያስረክባል፤ መፈልፈያው መኪናም ቀዩን ልጣጭ ገፍፎ ይጥላል። ይሁን እንጂ ልጣጩ ቢወልቅም በፍሬው ላይ የሚያዳልጥ ልጋግ ተለጥፎ ይቀራል፤ ይህም በውሃ ብቻ ታጥቦ የሚለቅ አይደለም። ስለዚህ ፍሬው በግንብ ገንዳ ውስጥ ገብቶ፥ እንደ ቦታው ብርድና ሙቀት አንድ ቀን ተኩል፥ ሁለት ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም ሦስት ቀን ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሰው ሥራ መጠበቅ ነው። ዋናው ሥራ የተሕዋስያኑ ነው።

ልጋጉን አጥብቆ የያዘው ፔክቲን የሚባል ነገር ነው፤ ማርማላታ እንዲረጋ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በገንዳው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያና እርሾ ከፍሬው ስኳር ይመገባሉ፤ ሲመገቡም አሲድና ኤንዛይም ያወጣሉ። ኤንዛይም ማለት ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በውስጡ የሚሠራበት ረቂቅ መሣሪያ ነው፤ አንዱ ይቆርጣል፥ አንዱ ይቀጥላል፥ እያንዳንዱም ከተመደበበት ሥራ ውጭ ሌላውን አይነካም። ፔክቲንን የሚቆርጠው ኤንዛይም ፔክቲኔዝ ይባላል። ፔክቲኑ ሲቆራረጥ ልጋጉ ይላቀቃል፤ ፍሬው ንጹሕ ሆኖ ይታጠባል፥ ከዚያም በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል።

እኔ ራሴ ለሥራ ወደዚያ አገር በሄድሁ ጊዜ በአንድ ገንዳ አጠገብ የቆሙ ሽማግሌ አየሁ። ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ወደ ገንዳው ሰድደው ጭብጥ ፍሬ አወጡና በሁለት መዳፋቸው መካከል አሹት፤ ጆሯቸውንም ጠጋ አደረጉ። «አባቴ፥ ምን ያዳምጣሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ሲደርስ እንደ ጠጠር ይንቋቋል። ይኸ ገና ነው ልጄ፤ ገና ያዳልጣል» አሉኝ። ከዚያም የእጄን ሰዓት አይተው ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው ምክንያት ነበረው። ሌሊቱ ሲበርድ ተሕዋስያኑ ይዘገያሉ፥ ሲሞቅ ይፈጥናሉ፤ ስለዚህ በሰዓት ብቻ የሚመራ ሰው ይሳሳታል። ሳይደርስ የወጣው ፍሬ ልጋጉን ይዞ ይቀራል፤ ያለፈበት ደግሞ ይኮመጥጣል፥ አልፎም ይሸታል። ጥቂት የሸተተ ፍሬ ቀማሹ ፊት የሚቀርበውን ስኒ ለማበላሸት ይበቃል፤ ደረጃው ሲወርድ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። አንድ ዓመት የተደከመበት አዝመራ በአንድ ሌሊት እንቅልፍ ሊጐዳ ይችላል ማለት ነው።

ከቡናው ገንዳ ወደ እንሰቱ ጉድጓድ እንሻገር። የእንሰትን ግንድ ፍቀው፥ አሚቾውን ከትከተው፥ በኮባ ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀብሩት እናቶች ናቸው። የተቀበረው እንደ አገሩ አየር ለሳምንታት ወይም ለወራት ይቆያል፤ በደጋ ደግሞ ከዚያም የበለጠ ይሰነብታል። ሲወጣ ቆጮ ይሆናል። ይህን የመብላላት ሥራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሊቅ ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ መርምረው፥ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1987 በእንግሊዝ አገር በሚታተም የሳይንስ መጽሔት አውጥተውታል። እርሳቸው እንዳስረዱት ሥራው የአንድ ተሕዋስ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ሊውኮኖስቶክ የሚባለው ወገን ገብቶ አሲድ ማውጣት ይጀምራል፤ ኮምጣጣነቱ እየጨመረ ሲሄድ እርሱ ራሱ ቦታው አይመቸውምና ይደክማል፤ በዚህ ጊዜ ኮምጣጣ የሚመቸው ላክቶባሲለስ የሚባለው ወገን ሥራውን ተረክቦ ይፈጽማል። ዘበኛ ለዘበኛ ሥራ እንደሚያስረክብ ማለት ነው። አሲዱ ሲበረታ ምግቡን ሊያበሰብሱ የሚመጡት ክፉዎቹ ተሕዋስያን መግቢያ ያጣሉ፤ ቆጮ ያለ ማቀዝቀዣ ለብዙ ጊዜ የሚቀመጠውም ስለዚህ ነው።

ላክቶባሲለስ የሚያወጣው አሲድ ላክቲክ አሲድ ይባላል። በእርጎ ውስጥም ያለው ይኸው ነው። ይህን አሲድ የሚሠራው ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1857 አስረድቶ ነበር፤ ከእርሱ በፊት ብዙዎቹ ሊቃውንት ነገሩን እንደ ተራ ብስባሴ ይቈጥሩት ነበር። አድማጮቻችን የሚደነቁት ግን በሚቀጥለው ነው። ላክቲክ አሲድን እንደ ዶቃ እያያያዙ ረጅም ሰንሰለት ሲያደርጉት ፕላስቲክ ይሆናል። በአሜሪካ፥ በኔብራስካ ክፍለ ሀገር፥ ብሌር በምትባል ከተማ በ2002 የተከፈተ አንድ ትልቅ ፋብሪካ የበቆሎ ስኳር ለተሕዋስያን እየመገበ ላክቲክ አሲድ ያሠራቸዋል፤ ከአሲዱም የሚጣል ኩባያ፥ የምግብ መያዣና የክር ዐይነት የሚሆን ፕላስቲክ ይወጣል። የጌዴኦ እናት ቆጮ ለማቆየት የምትጠቀምበት ጥበብና የኔብራስካው ፋብሪካ ጥበብ ሥራቸው አንድ ነው። ልዩነቱ በዚያኛው በኩል ሊቁ የተሕዋሱን ዘር እስከ ውስጡ ገብቶ ማስተካከሉ ነው።

ስለ ኮምጣጣ ነገር ከተነሣ አይቀር፥ የሲትሪክ አሲድን ታሪክ ሳንነግራችሁ ማለፍ አንወድም። ሲትሪክ አሲድ የሎሚ አሲድ ነው፤ በለስላሳ መጠጥ፥ በከረሜላና በመድኀኒት ውስጥ ይገባል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ይህን አሲድ ለዓለም የምታቀርበው በሎሚ አትክልቷ የታወቀችው ኢጣልያ ነበረች። በ1917 ጄምስ ከሪ የተባለ አሜሪካዊ፥ በሽንኩርት ልጣጭ ላይ የምናየውን የመሰለ ጥቁር ሻጋታ ስኳር ቢያበሉት ብዙ ሲትሪክ አሲድ እንደሚያወጣ አሳየ። ፋይዘር የሚባለውም ኩባንያ በ1919 ይህን ወደ ፋብሪካ ሥራ አሻገረው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢጣልያ ገበሬ ከአሲዱ ንግድ ወጣ። ዛሬ በሱቅ በምንገዛው ለስላሳ መጠጥ ላይ «ሲትሪክ አሲድ» ተብሎ የተጻፈውን ያነበበ ሰው፥ ከሎሚ የተጨመቀ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል። ይህን ታሪክ ያነሣነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ወደ በኋላ ስለ ቡና ስንናገር እንመለስበታለን።

እስካሁን የተናገርነው ተሕዋስያን በተፈጥሮ የሚያውቁትን ሲሠሩ ነው። የማያውቁትን እንዴት ያስተምሯቸዋል? የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ አድማጮቻችን ነገሩን ከመሥሪያ ቤታቸው ጋር ቢያመሳስሉት በቀላሉ ይገባቸዋል። እያንዳንዱን ተሕዋስ እንደ አንድ መሥሪያ ቤት ቊጠሩት። በመካከሉ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባል መዝገብ ቤት አለ። በመዝገብ ቤቱ ውስጥ ጂን የሚባሉ ብዙ ትእዛዞች በፋይል ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ዐይነት መሣሪያ፥ ማለት አንድ ኤንዛይም ወይም ሌላ ፕሮቲን፥ እንዴት እንደሚሠራ ይናገራል። ዋናው ፋይል ከመዝገብ ቤት አይወጣም፤ ሥራ ሲያስፈልግ ግልባጩ ተወስዶ ወደ ሥራ ክፍሉ ይላካል፥ የሥራ ክፍሉም በግልባጩ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል ይፈጽማል።

አስገራሚው ነገር ትእዛዙ የተጻፈበት ቋንቋ ነው። ፊደሉ አራት ብቻ ነው፤ በሰውም፥ በእንሰትም፥ በባክቴሪያም ዘንድ ያው አራቱ ፊደል ነው። ስለዚህ ከሰው መዝገብ ቤት የተገለበጠ ትእዛዝ በባክቴሪያ ሥራ ክፍል ሊነበብ ይችላል። በአሜሪካ ስታንሊ ኮኸንና ኸርበርት ቦየር የተባሉ ሊቃውንት በ1973 ይህን በተግባር አሳዩ። ዲ.ኤን.ኤ.ን በተወሰነ ቦታ ብቻ የሚቆርጡ ኤንዛይሞችን እንደ መቀስ፥ የሚቀጥለውን ኤንዛይም እንደ ሙጫ አድርገው፥ የሌላን ፍጥረት ጂን ፕላስሚድ በሚባለው ትንሽ ቀለበት ላይ ቀጠሉ። ፕላስሚድ ባክቴሪያ ከዋናው መዝገብ ውጭ በኪሱ የሚይዘው ደብተር ነው። ደብተሩን ወደ ባክቴሪያው መለሱት፤ ባክቴሪያውም ትእዛዙን እንደ ራሱ አድርጎ ተቀበለ፥ ሲራባም ለልጆቹ አወረሰ። በእኛ መሥሪያ ቤት ቢሆን ማኅተምና ቊጥር የሌለው ደብዳቤ ወደ መጣበት ይመለስ ነበር። ባክቴሪያ ግን ማኅተም አይመረምርም።

ከዚህ ሥራ የመጀመሪያውን ታላቅ ጥቅም ያገኙት የስኳር በሽተኞች ናቸው። ኢንሱሊን ከተገኘበት ከ1921 ጀምሮ መድኀኒቱ የሚወጣው ከታረዱ ከብቶችና ከአሳማዎች ቆሽት ነበር። ስምንት ኦንስ፥ ማለት ከሩብ ኪሎ ያነሰ ንጹሕ ኢንሱሊን ለማግኘት ከሁለት ቶን በላይ የእንስሳ ክፍል ያስፈልግ ነበር። ከዚህም ሌላ የእንስሳው ኢንሱሊን ከሰው ኢንሱሊን ጋር ፈጽሞ አንድ ስላልሆነ ለአንዳንዱ በሽተኛ አይስማማውም ነበር። በ1978 ጄነንቴክ የተባለው ኩባንያ ባልደረቦች ከሲቲ ኦፍ ሆፕ ሊቃውንት ጋር ሆነው የሰውን ኢንሱሊን ትእዛዝ ኢ. ኮላይ ለሚባለው ባክቴሪያ ሰጡት። ኢ. ኮላይ በሰው ሁሉ አንጀት ውስጥ የሚኖር ተሕዋስ ነው፤ ከተመቸው በ20 ደቂቃ አንዱ ሁለት ይሆናል። መድኀኒቱ በ1982 ለሽያጭ ተፈቀደ። ዛሬ በአገራችን ፋርማሲ የሰው ኢንሱሊን ተብሎ የሚሸጠው በዚህ መንገድ በባክቴሪያ ወይም በእርሾ የተሠራ ነው። ከቤተሰቡ መካከል ማቀዝቀዣ ውስጥ ይህችን ብልቃጥ የሚያስቀምጥ አድማጭ፥ ስለ ምን እንደምንናገር ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል።

ኢንሱሊን ግን አንድ ትእዛዝ ሰጥቶ አንድ ፕሮቲን መቀበል ነው። እንደ መድኀኒት ቅጠል ያለውን ረቂቅ ቅመም ማሠራት ከዚህ እጅግ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ቅመሙ የሚሠራው በአንድ ኤንዛይም ሳይሆን እየተቀባበሉ በሚሠሩ ብዙ ኤንዛይሞች ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው አርቴሚሲኒን ነው። ይህ የወባ መድኀኒት ቻይናዊቷ ሊቅ ቱ ዮዮ ከአሪቲ ዘመድ ከሆነች ተክል ያገኙት ሲሆን፥ ስለዚሁ ሥራቸው በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። አገራችንም ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ለወባ ሕክምና ከዚህ ዘር የሚወጣውን መድኀኒት መርጣለች፤ ከዲላ ወደ ዓባያ ሐይቅ ቆላ የሚወርድ ሰው ወባ ምን እንደ ሆነች አይነገረውም። በካሊፎርኒያ ጄይ ኪስሊንግ የተባሉ ሊቅና ባልደረቦቻቸው የተክሏን ትእዛዞች ወደ እርሾ አሻገሩና በ2006 እርሾው የመድኀኒቱን መነሻ እንዲሠራ አደረጉት።

ይሁን እንጂ መሥራቱና በቂ አድርጎ መሥራቱ አንድ አይደለም። እርሾ የሚኖረው ለራሱ ነው፤ የበላውን ስኳር ለመራባት እንጂ ለእኛ መድኀኒት ማዋል አይፈልግም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ስኳሩ ወደ ሌላ ሥራ የሚሄድበትን በር አንድ በአንድ እየዘጉ፥ ወደሚፈለገው የሚወስደውን በር እየከፈቱ መጓዝ አለባቸው። በመንገድ ላይ የሚሠራው ቅመም ራሱን እርሾውን የሚመርዝበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ሌላ ኤንዛይም ተጨምሮ መርዙ ቶሎ እንዲለወጥ ይደረጋል። አንዳንዱ ተሕዋስ ደግሞ የተጫነበትን ትእዛዝ ጥሎ ሸክሙን ያቀልላል፤ ሸክም የሌለበትም ከባልንጀሮቹ ይልቅ ቶሎ ስለሚራባ ገንዳውን በሙሉ ሰነፎች ይወርሱታል። ይህ በተሕዋስያን ዘንድ ብቻ የሚታይ አለመሆኑን ለአድማጮቻችን መንገር አያሻንም። የአርቴሚሲኒኑ ሥራ አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው 150 ዓመት ይፈጅበት ነበር ይባላል። በመጨረሻው፥ በ2013፥ ከአንድ ሊትር 25 ግራም መነሻ እስከ ማግኘት ተደረሰ፤ ሳኖፊ የሚባለውም ኩባንያ በኢጣልያ አገር በፋብሪካ ማውጣት ጀመረ።

ከዚያስ ምን ሆነ? በዚያው ዘመን ተክሏን የሚያለሙ የቻይና፥ የቬትናምና የአፍሪካ ገበሬዎች ብዙ አመረቱና የተክሉ አርቴሚሲኒን ዋጋ ከእርሾው ዋጋ በታች ወረደ። በ2015 ፋብሪካው ከእርሾ ምንም አላመረተም፤ ከዚያም ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። በዚህ ጊዜ ገበሬው ሳይንስን ረታው ማለት ነው። ከላይ ባነሣነው በሲትሪክ አሲድ ጊዜ ግን የሎሚው ገበሬ ተረትቶ ነበር። እንግዲህ በፊት ማን እንደሚረታ የሚያውቅ የለም፤ የሚቈርጠው የእውቀት ጥልቀት ሳይሆን የኪሎው ዋጋ ነው።

አሁን ወደ ቡና እንመለስ፤ ከዲላ አንጻር ሲታይ ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነውና። በሕይወት ያለ ነገር የሚሠራውን ጣዕምና መዓዛ በገንዳ ውስጥ ለማውጣት የሚደክሙ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። የቫኒላ መዓዛ የሆነው ቫኒሊን ዘሩ በተለወጠ እርሾ እየተሠራ ለገበያ ቀርቧል፤ በማዳጋስካር ከቫኒላ የሚኖር ገበሬ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መገመት አይቸግርም። በፊንላንድ አገር ቪ.ቲ.ቲ. የሚባለው የምርምር ድርጅት በ2021 የቡና ተክል ሕዋሶችን በገንዳ ውስጥ አራብቶ፥ ያንንም ቆልቶና አፍልቶ ቀምሷል። ይህ የተሕዋስያን ሥራ ሳይሆን የተክል ሕዋስ ሥራ ነው፤ ገንዳው ግን ያው ገንዳ ነው። እንደ እኔ አስተያየት፥ የይርጋ ጨፌን ቡና መዓዛ በገንዳ ማውጣት ቀላል አይሆንም፤ በቡና ውስጥ ያለው መዓዛ ከአንድ ቅመም ሳይሆን ከብዙ መቶዎች ተደባልቆ የሚወጣ ነውና። ተራውን ቡና መተካት ግን ከዚያ ሊቀል ይችላል፤ ስለዚህ በጥራቱ የማይታወቅ ቡና የሚያመርት ገበሬ ነው ይበልጥ የሚያሠጋው። የሽማግሌው እጅ በገንዳው ውስጥ የሚጠብቀው ነገር ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል እንጂ አይቀንስም ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ጭንቅ የባለቤትነት ጕዳይ ነው። በጤፍ የደረሰብንን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በ2005 ከአገራችን ጋር ተዋውሎ የጤፍ ዘር ከወሰደ በኋላ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ በአውሮጳ የፈጠራ መብት አወጣ፤ መብቱ በሆላንድ ፍርድ ቤት የፈረሰው በ2018 ነው። በቡናም እንዲሁ፥ ቀደም ብሎ ከኢትዮጵያ ከተወሰደ ዘር መካከል በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ቡና መገኘቱን የብራዚል ሊቃውንት በ2004 አስታውቀው ነበር። እንግዲህ ጤፍና ቡና ለዓይን የሚታዩ ሆነው ሳለ ይህ ከሆነ፥ በቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ በብልቃጥ ይዞ የሚሄደውን ማን ያየዋል? ከአንድ ጭብጥ ቆጮ የተለየ ተሕዋስ በአንድ ሌሊት በሚሊዮን ይራባል፤ የድንበር ጠባቂም አያገኘውም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቊጥር 482 ይህን አስቦበታል፤ የጄኔቲክ ሀብትንና የኅብረተሰብን ዕውቀት ለመጠቀም የሚፈልግ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣና ከጥቅሙ እንዲያካፍል ያዝዛል፥ ረቂቃን ተሕዋስያንንም ይጨምራል። የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም ከዕፅዋት ዘር ጐን ተሕዋስያንን ሰብስቦ የማቆየት ሥራ አለው። ያልተሰበሰበና ያልተመዘገበ ነገር ቢሰረቅ የእኛ ነበር ብሎ መከራከር ያስቸግራል፤ ይህን የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

ዘራቸው የተለወጠ ተሕዋስያን ከገንዳ አምልጠው ቢወጡስ? ይህን ጥያቄ መጀመሪያ ያነሡት ራሳቸው ሊቃውንቱ ናቸው፤ በ1975 በካሊፎርኒያ፥ አሲሎማር በተባለ ቦታ ተሰብስበው ለሥራው ወሰን አበጁለት። ለፋብሪካ የሚያገለግሉት ዝርያዎች ብዙውን ጊዜ ከገንዳ ውጭ ለመኖር እንዳይችሉ ተደርገው የተዳከሙ ናቸው። በዓለም መንግሥታት መካከል በ2000 የጸደቀው የካርታኼና ስምምነት ሲዘጋጅ የአፍሪካን አገሮች ቃል ያሰሙት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር መሆናቸው ይታወቃል። አገራችንም በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቊጥር 655 የደኅንነት ሕግ አወጣች፤ ሕጉ ለምርምር ጠባብ ነው የሚል ቅሬታ ስለ በዛበት በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ጥብቅነቱና መሻሻሉ ሁለቱም አግባብ ነበሩ ብንል አንሳሳትም፤ በር ሳይኖር ቤት አይሠራም፥ በሩ ፈጽሞ ከተዘጋም ቤቱ አያገለግልም።

ለዲላ አገር ቅርብ የሆነው ጥቅም ከመድኀኒት ይልቅ በጥራጊ ላይ ያለ ይመስለኛል። ከእሸት ቡና ክብደት ውስጥ 40 ከመቶ ያህሉ ገለፈት ሆኖ የሚጣል ነው። ተከምሮ ይበሰብሳል፤ ከገንዳው የሚወጣውም ስኳርና አሲድ የሞላበት ውሃ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ፥ በወንዙ ያሉት ተሕዋስያን ስኳሩን ለመብላት አየሩን ከውሃው ይጨርሱታል፥ ዓሣውም ይሞታል። ከታች በኩል ውሃ የሚቀዱ ሰዎች ይህን በየዓመቱ ይናገራሉ። ገለፈቱን ከብት እንዳይበላው ደግሞ ካፌይንና ታኒን አለበት።

ካፌይኑን የሚበላ ባክቴሪያ ግን አለ። በአሜሪካ፥ በአዮዋ አፈር ውስጥ የተገኘ ስዩዶሞናስ የሚባል ወገን ካፌይንን ቆራርጦ ይመገባል። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች በ2013 የእርሱን ትእዛዞች ወደ ኢ. ኮላይ አሻግረው፥ ካፌይን ካላገኘ መራባት የማይችል ባክቴሪያ አደረጉት። ቡና ካልጠጣ ሥራ የማይጀምር ጸሐፊ በየቢሮው ስላለ ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም። ባክቴሪያው የሚራባው ባገኘው ካፌይን ልክ ስለ ሆነ በመጠጥ ውስጥ ያለውን ካፌይን ለመለካት አገልግሏል፤ ከቡና ጥራጊ ካፌይኑን አስወግዶ ለከብት መኖ ለማድረግም ይታሰባል።

ከገለፈቱ ደግሞ ፔክቲን እንደማይጠፋ ተናግረናል። ያን ሲትሪክ አሲድ የሚሠራ ጥቁር ሻጋታ በእርጥብ የቡና ገለፈት ላይ ቢያሳድጉት ፔክቲኔዝ ያወጣል፤ ይህ በሌሎች ቡና አብቃይ አገሮች ተሞክሮ የታወቀ ነው። ፔክቲኔዝ የፍራፍሬ ጭማቂ ለማጥራት በየፋብሪካው የሚፈለግ ሲሆን፥ በቡናው ገንዳ ውስጥ ጥቂት ቢጨመርም ልጋጉን ከወትሮው ቀድሞ ያላቅቀዋል። በፊንጫ የስኳር ፋብሪካ ከስኳር የቀረውን ሞላሰስ እርሾ እየበላ አልኮል እንደሚያወጣው ሁሉ፥ የሚጣለው ገለፈት ራሱን የሚያጥበውን መሣሪያ ሊያወጣ ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ዘር መለወጥ እንኳ በግድ አያስፈልግም፤ ከአገሩ ገንዳ የተለየ ጥሩ ዝርያ፥ ንጹሕ ክፍልና ሙቀት የሚለካ ሰው ይበቃል። በከተማው ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ገለፈቱም በየዓመቱ ከጥቅምት ጀምሮ በየጣቢያው ደጃፍ ተቆልሎ ይታያል።

በዚያ ሌሊት ሽማግሌው እስኪነጋ ድረስ ሦስት ጊዜ እጃቸውን ወደ ገንዳው ሰደዱ። በሦስተኛው ጊዜ ፍሬው በመዳፋቸው ውስጥ ተንቋቋ፤ ተነሡና ውሃውን እንዲለቁ ልጆቹን ጠሩ።